ተማሪዎቼ ምፀትን እንዴት መለየት እንደቻሉ

የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የምፀትን (ለማለት የተፈለገውን በተቃራኒው የመናገር ዘይቤ) ትርጉም በቃላቸው ይወጡታል፤ ምንባብ ውስጥ ሲያገኙት ግን ሳያዩት ያልፉታል። ሁለት ሰዓት አርፍዶ ለመጣ ልጅ የተነገረውን «ጎበዝ! ዛሬም በጊዜ ደረስክ» ብዙዎቹ «ሙገሳ» ብለው ጻፉት።

ችግሩ አቀራረቤ ላይ ነበር። ምፀትን ከተነጻጻሪ ዘይቤ (አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ከሚያመሳስል) እና ከተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር ሌላው ነው ከሚል) ጋር ቀላቅዬ አስተማርኩ። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ» የሚል ምልክት አለው። ምፀት ግን የሚገኘው በተባለውና በሆነው መካከል ነው፤ ቃላቱን ብቻ ቢፈትሹ አያገኙትም።

ስለዚህ ሰሌዳውን ለሦስት ከፈልኩት፦ ምን ሆነ? ምን ተባለ? ምን ለማለት ነው? ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከልብ በሆነ ድምፅ፣ አንዴ በምፀት አነበብኩላቸው። ቀጥሎ ድምፁን ትተን ጽሑፉን ብቻ አየን። አንዷ ልጅ «ማርፈዱ ባይጻፍ ኖሮ እኮ አናውቅም ነበር» አለች። በጣም ደስ አለኝ፤ አውድ ማለት ይኸው ነው።

ስላቅ (ጥፋት እንዲታረም በማሾፍ የሚነቅፍ አጻጻፍ) ላይ ስንደርስ ደግሞ ስድብ መጻፍ ጀመሩ። «የምትነቅፉት የትኛውን ድርጊት ነው? ምን እንዲስተካከል ትፈልጋላችሁ?» የሚሉትን አስቀድመው እንዲመልሱ አደረግኩ። ሁለተኛውን መመለስ ያቃታቸው ጽሑፋቸውን ራሳቸው ቀየሩት።