ነጭ ሳርና ጫሞ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፦ አባያ ደለል የጠገበ፣ ቀላ ያለ፤ ጫሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ፤ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ቀጭን የመሬት ሰርጥ። ይህን አይቶ ልቡ የማይቸኩል የለም። የማያቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ ችኮላ የሚመጡ ናቸው።

የአዲስ አበባን ክረምት ይዛችሁ አትሂዱ። «መስከረም ጠብቷል፣ ዝናቡ አብቅቷል» ብለው ጥቅምት ላይ ቤተሰብ ጭነው የሚወርዱ ብዙ ናቸው። የዚያ አገር ዋናው ዝናብ ግን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይመጣል። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ መሬቱ መረሬ ነው። አንድ ከባድ ዝናብ ከጣለበት ጎማው ጭቃውን ጠቅልሎ መዞር ያቅተዋል፤ የሜዳ አህያ ለማየት የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ መኪና ሲገፋ ይውላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል።

«ጀልባውን ከምሳ በኋላ እንሳፈራለን» አትበሉ። አዞ ሌሊት የቀዘቀዘ ገላውን ለማሞቅ ጠዋት ወደ ዳር ይወጣል፤ «አዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ ደምቆ የሚታየውም ያኔ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሳ ጫሞ ሌላ ሐይቅ ይሆናል፤ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። ላይፍ ጃኬቱን ለፎቶ ብላችሁ አታውልቁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ባለጀልባውን «ትንሽ ጠጋ በልልን» ማለት ነው። አንድ ጥር ጠዋት ከአክስቴ ጋር ነበርን። ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ አዞ አፉን ከፍቶ ከተኛበት አሸዋ ራቅ ብለን ቆምን። (አፉን የሚከፍተው ሊበላችሁ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሙቀት ለማስወጣት ነው።) ከኋላችን የነበረ ወጣት ስልኩን ይዞ ብድግ ሲል ጀልባዋ ጋደደች። ባለጀልባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ጎኑን ይያዙ። ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አለ። እጁን ወደ ግራ ሲቀስር ነው ያየነው፦ ከውኃው በላይ ሁለት ጆሮዎች ብቻ፣ ውኃ እያራገፉ ይርገበገባሉ። ከሥራቸው ከ1 ቶን በላይ የሚመዝን ጉማሬ አለ። ከዚያ ጆሮዎቹ ሰጠሙ። የት እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ባለጀልባው ሞተሩን አስነስቶ ሰፊ ዙር ዞረ፤ አክስቴ እስክንወርድ ድረስ የጀልባዋን ጠርዝ አልለቀቀችም። ባለጀልባ ሲርቅ ሥራውን እየሠራ ነውና ተጨማሪ ብር አሳይታችሁ አታባብሉት።

ዳር ላይ «እግሬን ብቻ ልንከር» ማለትም ስህተት ነው። አዞ የሚያድነው ሰውና ከብት ውኃ በሚነካበት በዚያው ጠርዝ ነው፤ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ እንደዚያ ተጠግተው ሲሠሩ ብታዩም እነሱ እንጀራ ሆኖባቸው እንጂ አደጋ ስለሌለ አይደለም። ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣልና ዳር ዳሩን አትንሸራሸሩ። በእሱና በውኃው መሃል የገባን ሰው መንገድ እንደዘጋበት ይቆጥረዋል።

ወባን ከሐይቁ ጋር ትታችሁ የመጣችሁ አይምሰላችሁ። የደጋ ሰው አንድ ሌሊት ያለ አጎበር አድሮ ምንም ካልሆነ «ተረፍኩ» ይላል። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ «ቆላ ወርጄ ነበር» ብላችሁ ለሐኪም ንገሩ። በተለይ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት የመጣችሁ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ወባን ቀድሞ ላያስብ ይችላል።

ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ልብስ የቆላ ዝንብን (ፄፄን) ይጠራል፤ ፈካ ያለ፣ እጀ ረጅም ልበሱ። ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ፓርኩ ውስጥ አትግቡ። ቆርኬ የሚባለውን ትልቅ የዱር እንስሳ ለማየት ብላችሁም ነጭ ሳር አትድከሙ፤ እሱን የሚፈልግ ወደ ሰንቀሌ መጠለያ ይሂድ።

የመጨረሻው ሲመሽ በፓርኩ መንገድ ላይ መኪና መንዳት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያ ለጥናት የመጡ ሰዎች በመኪና ተጨፍልቃ የሞተች ወፍ መንገድ ላይ አገኙ፤ ሌሊት መሬት ላይ ከሚያርፉት ወገን ናት። ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ክንፏ ብቻ ስለነበር እሱን ይዘው ሄዱ። ክንፉ ሲመረመር ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀች ዓይነት ሆና ተገኘች፤ በላቲን የተሰጣትም ስም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ዝርያዋ ለዓለም የታወቀው በዚያ መንገድ ላይ በተገኘው ክንፍ ነው።