የደሴ ምክር ቤት አባል ሪፖርት ሲመረምር ምን ይያዝ?

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የስድስት ወር ሪፖርት ሲቀርብ «አፈጻጸማችን 48 በመቶ ደርሷል» ቢባል አትርኩ፤ መደበኛው በጀት (ደመወዝና የዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ) እና ካፒታሉ (የግንባታና የልማት ሥራ) ተለይቶ ይቅረብ በሉ። ደመወዝ በየወሩ ስለሚከፈል መደበኛው ሁሌም ያማረ ይመስላል፤ የመንገዱና የውሃው ገንዘብ ግን ተኝቶ ይገኛል። ሰኔ ላይ የተጣደፈ ግዢ ካለ የክፍያ ሰነዱን ከሞዴል 19 (ዕቃ መጋዘን ሲገባ ከሚቆረጠው ደረሰኝ) ጋር አመሳክሩ፤ ተከፍሎበት መጋዘን ያልገባ ዕቃ እዚያ ይጋለጣል።

ትልቁ ሥራ የሰው ኃይሉ ነው። የጸደቀውን መዋቅር፣ የሠራተኞችን የግል ማኅደርና የወሩን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ጎን ለጎን ዘርጉ። ፔሮል ላይ ኖሮ ማኅደር የሌለው ስም ካለ ማብራሪያ ይጠየቅበት። ጡረታ የወጣ ሰው ደመወዝ የሚቀጥለው አንዳንዴ የስንብት ደብዳቤው ግልባጭ ፋይናንስ ስላልደረሰ ነው፤ ቸል ከተባለ ግን የሌባ በር ይሆናል። ጥቂት ስሞች መርጣችሁ ሆጤም ይሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወርዳችሁ ሰዎቹ በሥራ ገበታቸው መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ።

በፖሊስ ምልመላ «ስንት ተመለመለ?» ብላችሁ አትቁሙ። ስንቱ ሥልጠናውን ጨርሶ ሥራ ላይ እንዳለ ጠይቁ። የወደቁት አመልካቾች መዝገብም ይምጣ፤ አድልዎ ከተመረጡት ይልቅ በእነሱ ላይ ይነበባል። ጥያቄውና የመልሱ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈሩ።