መብራትና ውሃ ተከታትለው ሲጠፉ፦ በድሬዳዋ የሙቀት ወራት የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የመብራትና የውሃ ችግር ተለያይቶ አይመጣም። የከተማዋ ውሃ ሳቢያንን ከመሳሰሉ የጉድጓድ ቦታዎች በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ ነው ወደ ማጠራቀሚያ የሚወጣው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው ሲያልቅ ቧንቧውም ይደርቃል። ስለዚህ ብልሽት ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቱ ቀድሞ እንደጠፋ ነው። መብራት ቀድሞ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ከተከተለ ምክንያቱ ከቤትዎ ውጭ ነው። መብራት እያለ ውሃ ብቻ ከጠፋ ግን ወይ ፈረቃ ነው፣ ወይ መስመር ተሰብሯል፣ ወይ ችግሩ ግቢዎ ውስጥ ነው።

ሙቀት ሲመጣ የሚበዛው የመብራት መጥፋት ምክንያቱ ሁልጊዜ የኃይል እጥረት አይደለም። የሰፈር ትራንስፎርመር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየር ነው። ቀን በፀሐይ ግሎ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሰው ሁሉ ቬንትሌተርና ኤሲ ከፍቶ ስለሚያድር ማረፊያ አያገኝም። ከዚያ ፊውዙ ይቃጠላል። የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ከተመረቀ ወዲህም ሰፈር ውስጥ ጨለማው የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ በዚህ ከሰፈር ትራንስፎርመር ወደ ቤት በሚወስደው በመጨረሻው መስመር ምክንያት ነው።

መብራት የጠፋው እርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ

የካርድ ቆጣሪውን ስክሪን ይዩ። ስክሪኑ ጭልም ካለ ኃይል እስከ ቆጣሪው አልደረሰም፤ ከቆጣሪ በፊት ያለው ሥራ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነውና በ905 ያስመዝግቡ። ስክሪኑ በርቶ ቀሪ ሂሳብ ካሳየ ደግሞ ዋናውን ብሬከር ይፈትሹ።

ብሬከር የሚወድቅበት ጊዜ ምክንያቱን ይናገራል። እንዳነሱት ወዲያው ከወደቀ የተነካካ ሽቦ ወይም የተበላሸ ዕቃ አለ። ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ፣ ብሬከሩን ያንሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይሰኩ፤ ሲሰኩት የሚጥለው ዕቃ ጥፋተኛው ነው። ምንም ሳይሰካ ከወደቀ ጉዳዩ የግድግዳው ሽቦ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ከ10 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጭነት በዝቷል ወይም ብሬከሩ ላይ የላላ ብሎን እየጋለ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። 1,500 ዋት የሚወስድ ኤሲ ሲጨመርበት 23 አምፔር ይጠጋል፤ 20 አምፔር ብሬከር ይህን አይሸከምም። የብሬከር ሳጥኑ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ብሬከሩ ከተጻፈበት ባነሰ ጭነትም ይወድቃል።

መፍትሄው ምጣዱንና ኤሲውን በተለያየ ሰዓት መጠቀም ነው። ብሬከሩን በ32 አምፔር መቀየር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሆኖም ሽቦው ሳይቀየር ብሬከር ብቻ ሲተልቅ ከብሬከሩ ቀድሞ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

መብራቱ አለ፤ ግን ደብዛዛ ነው፣ ቬንትሌተሩ ይዘገያል

ይህ የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ይብሳል። በሞልቲሜትር ሶኬት ላይ ይለኩ። ከ198 እስከ 242 ቮልት ያለው የሚታለፍ ነው። ከ190 በታች ሲወርድ ፍሪጅ፣ ኤሲና የውሃ ፓምፕ መነቀል አለባቸው። ሞተር ያለው ዕቃ በቂ ቮልት ካላገኘ ለመነሳት ሲታገል ብዙ ከረንት ይስባል፤ ያን ጊዜ ይግላል፤ በመጨረሻም የውስጡ ሽቦ ይቃጠላል። አምፖልና ስልክ ቻርጀር ግን ብዙም አይጎዱም።

ከዚህ ጋር በጭራሽ መምታታት የሌለበት ሌላ ምልክት አለ። አንዱ አምፖል ሲደበዝዝ ሌላው ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ፣ ወይም የእርስዎ ቤት ደምቆ የጎረቤት ከደበዘዘ፣ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ላልቷል ወይም ተበጥሷል። በዚህ ጊዜ ቤትዎ የሚገባው ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ለመለካት ጊዜ አያጥፉ፤ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያውርዱ፣ ለጎረቤትም ይናገሩ፣ ከዚያ 905 ይደውሉ። ሰፈር ሙሉ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ምሽት የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ስታቢላይዘርም ሁልጊዜ አያድንም፤ ራሱ አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

መብራት ተመለሰ፤ ፍሪጁ ግን "ጠቅ" እያለ አይነሳም

ዕቃ በብዛት የሚበላሸው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሳ ቮልቱ ይዋዥቃል፤ አንዳንዴም መጥቶ ይሄድና እንደገና ይመጣል። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር እንደቆመ ጋዙ በአንድ ወገን ተጨምቆ ይቆያል፤ ግፊቱ ሳይመጣጠን ኃይል ሲያገኝ መዞር ያቅተውና መከላከያው ጠቅ ብሎ ያቋርጠዋል።

ይንቀሉት፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ መልሰው ይሰኩ። ከዚያም ካልተነሳ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ኮምፕሬሰሩ ቀዝቅዞም ጠቅ ማለቱን ከቀጠለ ማስነሻው ክፍል (ሪሌው) ይታይ፤ ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም፣ ኮምፕሬሰር ይቀየር የሚል ጠጋኝ መጀመሪያ ይህን መሞከሩን ይጠይቁት። ስታቢላይዘር ሲገዙ የማዘግያ ቁልፍ ያለውንና ቢያንስ ከ3 ደቂቃ በኋላ ኃይል የሚለቀውን ይምረጡ። 150 ዋት ለሚል ፍሪጅ 1,000 ቪኤ (ቮልት አምፔር፣ የስታቢላይዘር አቅም መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ሲነሳ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይወስዳልና።

መብራት መጥቷል፤ ውሃ ግን የለም፣ ቧንቧው አየር ብቻ ይተነፍሳል

ይህ ብልሽት አይደለም። የጉድጓዶቹ ፓምፖች መጀመሪያ ማጠራቀሚያውን ይሞላሉ፤ ከዚያ ዝቅተኛ ሰፈሮች ይደርሳቸዋል፤ ከፍታ ላይ ያለ ቤትና የመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት የመጨረሻ ናቸው። ባዶው ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር በግፊት ሲወጣ የውሃ ቆጣሪውን ያዞረዋል። ስለዚህ ቧንቧ ከፍቶ ባልዲ ደቅኖ መተኛት ላልመጣ ውሃ መክፈል ነው፤ ባልቦላውን ዘግተው ይቆዩና ጎረቤት ሲመጣለት በዝግታ ይክፈቱ።

መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ዝገትና ደለል ነው። ወደ ሮቶ አያስገቡት፤ መግቢያውን ዘግተው ከግቢው ቧንቧ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ይቅዱ፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ይሆናል። ውሃው ጠርቶ መታየቱም አያዘናጋ፦ ቧንቧው ባዶ በነበረበት ሰዓት በተሰነጠቀበት ቦታ ከውጭ ቆሻሻ ይስባል። ስለዚህ ውሃ ከተመለሰ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ለተቅማጥ በሽታ ሊያጋልጡ ይችላሉ።

ውሃ አለ፤ ሮቶው ግን አይሞላም

ሁለት ምክንያት አለው፤ ግፊት ወይም ፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ባልቦላ)።

ውሃ 10 ሜትር ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። ሮቶው 7 ሜትር ላይ ከተሰቀለ በሙቀት ወር ቀን ላይ ያለው ግፊት ላያደርሰው ይችላል፤ ሌሊት ብቻ የሚሞላውም ለዚህ ነው። የሚያዋጣው መሬት ላይ ሁለተኛ ሮቶ አስቀምጦ በግማሽ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። ፓምፑን በቀጥታ የከተማው መስመር ላይ መግጠም ግን የጎረቤትን ውሃ መንጠቅ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያልነውን የውጭ ቆሻሻ በኃይል ወደ ቧንቧው የሚስበው ይኸው ነው።

ግፊት ኖሮ ካልሞላ ፍሎተሩን ይንኩት። የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ በጀበናና በውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የፍሎተሩን ቀዳዳና መገጣጠሚያም ይዘጋል። ፈትተው በአቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት፣ በቆየ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ጎማው ከደረቀ ይቀይሩት። ከአቼቶው በኋላ በብዙ ውሃ ያጥቡት፤ አቼቶና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ፓምፑ እየዞረ ውሃ ካልገፋ አየር ይዟል። ያጥፉት፣ ከላይ ያለውን ቡሎን ይፍቱ፣ ሞልቶ እስኪፈስ ውሃ ይጨምሩበት፣ ዘግተው ያስነሱ። በማግስቱ እንደገና ከተመለሰ በመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ያለው የውሃ መመለስን የሚከለክለው ባልቦላ አይዘጋም ማለት ነው። ያለ ውሃ ሲዞር የቆየ ፓምፕ የውስጥ ማሸጊያው በደቂቃዎች ስለሚቃጠል መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ አይተዉት።

"እም" እያለ የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ ቮልት ይለኩ። ቮልቱ ደህና ከሆነ ይንቀሉት፣ ከኋላ ያለውን የማራገቢያ ክዳን ከፍተው ዘንጉን በእጅ ያዙሩ። ከከበደ ቆሞ በቆየበት ጊዜ ነጩ ቅርፊት ወይም ዝገት ይዞታል፤ ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያላቁት። ቀልሎ ከዞረና ኃይል ሲያገኝ "እም" ማለቱን ከቀጠለ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ክፍል) ሞቷል። የሚተካው በላዩ የተጻፈው ማይክሮፋራድ እኩል የሆነ፣ ቮልቱም ከቀድሞው ያላነሰ መሆን አለበት። አሮጌው ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ጫፎቹን በእጅ አይንኩ።

የሮቶው ውሃ ይሸታል ወይም አረንጓዴ ሆኗል

ሙቀት የውሃውን ክሎሪን ቶሎ ያበርረዋል፤ ብርሃን በክዳኑ በኩል ከገባ ደግሞ አልጌ ይበቅላል። ክዳኑን ይግጠሙ፣ ሮቶውን በቆርቆሮ ወይም በሰሌን ጥላ ያድርጉለት።

በመመሪያ ላይ የሚገኘው ማጠቢያ ሮቶውን ሞልቶ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 1 ሊትር 5 በመቶ በረኪና ጨምሮ ማሳደርና መድፋት ነው። ውሃ በሌለበት ወር 1,000 ሊትር ድፉ ማለት ቀልድ ነው። በምትኩ ውሃው ሊያልቅ ሲል ደለሉን ያውጡ፣ ለ10 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጠው በረጅም እጀታ ብሩሽ ግድግዳውን ያሹ፣ ግማሽ ሰዓት ያቆዩ፣ በሁለት ባልዲ ያለቅልቁ። ሮቶ ውስጥ ገብቶ በበረኪና መፈግፈግ ሽታው ሰውን ይጥላልና ከውጭ ሆነው ይሥሩ።

ለመጠጥ፦ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 40 ጠብታ። አንቀጥቅጠው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ በነጠላ አጥርተው መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ ከጥላ ውስጥ የቆየውን ይግዙ።

ፍሪጅ ውስጥ ያለውስ?

በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ይቆያል። የሞላ ፍሪዘር 48፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይባላል፤ ክፍሉ 35 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ ያነሰ ይገምቱ። ፍሪዘሩ ጎድሎ ከሆነ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ያስገቡበት። ከፍሪጅ ወጥቶ በዚህ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ የዋለ ሥጋ፣ ወተትና ወጥ ይደፋ፤ አፍልቶ መብላት አንዳንዱን መርዝ አያጠፋም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ነገሩ ይለያል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በአገልግሎት ላይ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል (የእርስዎ ዓይነት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል)። ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ በሌላ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው መሃሉን በአሸዋ ይሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ያርጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከድነው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ያኑሩ። የድሬ አየር ደረቅ በሆነበት ሰዓት ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱ በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ በረዶ ጋር በቀጥታ አይነካካ፣ በረዶ ሆኖ ከረጋ አይሠራም።

አስቀድሞ የሚዘጋጀው

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይያዙ፤ ከዚህ ውስጥ 3 ወይም 4 ሊትሩ ለመጠጥ ነው። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 225 ሊትር፣ ማለትም 12 ጀሪካን። ለመጠጥ የሚሆነውን ለይተው ምልክት ያድርጉበት፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለመጠጥ አይሆንም።

ጄኔሬተር ካለ ከመስኮትና ከበር ርቆ ውጭ ይቀመጥ። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ የከሰል ምድጃም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያው ነው። ጄኔሬተሩን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር መስደድ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሠራተኛ ይገድላል፤ የመቀየሪያ ማብሪያ ያስገጥሙ።

ለሌሊት እንቅልፍ ግን ጄኔሬተር አያስፈልግም። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ ዕድሜውን ሳይጎዱ ግማሹን፣ 600 ዋት ሰዓት ያህል፣ መጠቀም ይቻላል። 50 ዋት ቬንትሌተር፣ 10 ዋት አምፖልና 10 ዋት ዋይፋይ በኢንቨርተር በኩል 7 ሰዓት ይሄዱበታል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ 20 ዋት ቬንትሌተር ቢገዙ ሌሊቱን አልፎ ጠዋትንም ይሻገራል። ባትሪው ግን ሙቀት አይወድም፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ከመስቀል ይልቅ አየር በሚያገኝ ቀዝቃዛ ወለል ላይ፣ ሰው ከማይተኛበት ክፍል ያስቀምጡት።