ድሬዳዋ ላይ መብራት ሲጠፋ ውሃ እንዳይሞቅባችሁ
በግንቦትና በሰኔ ሙቀት መብራት ከጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ውሃም ለብ ይላል፤ በጣም ያስመርራል! ውሃውን በእንስራ አድርጉት። በዘይት የተሟሸ አይሁን፤ የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሚደፈን ውሃው ወደ ውጭ አይወዛም። አሮጌ የጥጥ ነጠላ አርጥባችሁ ጠቅልሉትና ሁለት ጣት ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁሙት። የነጠላው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነከር፤ ጨርቁ ከሥር እየሳበ ቶሎ አይደርቅም። ቀትር ላይ ግን ከላይ በኩል ጨርቁ ላይ ውሃ ጨምሩበት። ከጨርቁ የሚተነው ውሃ የእንስራውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጥላና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ዋጋ የለውም። እንደ ቀይ ባሕር ዳርቻ አየሩ እርጥብ ከሆነም ብዙ አይሠራም። ለወተትና ለሥጋ አትመኑት። የሳፋውን ውሃ በየቀኑ ድፉ፣ ትንኝ ይራባበታል።