ለጀማሪ ተማሪዎች ፓይተን ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ሐይቅም ይሁን ከሚሴ፣ ጀማሪ ተማሪን ከፕሮግራሚንግ የሚያሸሹት እንቅፋቶች ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹን መምህሩ ቀድሞ ሊያነሳቸው ይችላል።

አንዱ ስህተት ገና ክፍል ሳይገባ የሚሠራ ነው። የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ከሆኑ አዲሱን የፓይተን ቋንቋ ስሪት አውርዶ መሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ እዚያ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው 3.8 ሲሆን ከ3.9 ጀምሮ ያለው አይጫንም። የ32 ቢቱንም የ64 ቢቱንም መጫኛ በፍላሽ ይያዙ። መጻፊያው አይድል አብሮ ስለሚጫን ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ሌላው የኪቦርድ ጣጣ ነው። ተማሪው ስሙን በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ሲቀጥል በእንግሊዝኛው ኮማ (,) ቦታ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ይገባል፤ ፓይተንም «ኢንቫሊድ ካራክተር» ብሎ ይቆማል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ አማርኛ ግን ችግር የለውም። ከወርድ የተቀዳ ኮድም ጥቅሱ ጠማማ ስለሚሆን አይሠራም፤ የልምምድ ኮድ በኖትፓድ ያዘጋጁ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው የጽሑፍና የቁጥር ልዩነት ነው። የዳታ ዓይነቶችን ስም ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ማለፍ ተማሪው ውስጥ አይገባም። ይልቅ በባቲ የሰኞ ገበያ የአንድ በግና የአንድ ፍየል ዋጋ ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ያጽፏቸው። ከማስኬዳቸው በፊት የሚጠብቁትን መልስ ደብተራቸው ላይ ያስፍሩ። 9000 እና 7000 ሲያስገቡ 16000 ይጠብቃሉ፤ የሚወጣው 90007000 ነው። ኢንፑት፣ ማለትም ከተጠቃሚው መረጃ የሚቀበለው ትእዛዝ፣ የተቀበለውን ሁሉ በጽሑፍነት ስለሚይዝ የመደመር ምልክቱ ሁለቱን ጽሑፎች ቀጠላቸው። ምክንያቱን ራሳቸው ሲከራከሩበት ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ኢንትን ከዚያ ያስተዋውቁ። አስከትለው «9000 ብር» ብለው እንዲያስገቡ ያድርጉ፤ ቫልዩ ኤረር የሚል የስህተት መልእክት ይመጣል፣ ኢንት ምን እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል በዓይናቸው ያያሉ።

ስህተት የሚነግር ቀይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ማውሱን ተቀብሎ ማረም ደግነት ይመስላል፤ ተማሪውን ግን ጥገኛ ያደርገዋል። መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር፣ ቀጥሎ የመስመሩን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ። ቅንፍ ሳይዘጋ ከቀረ ፓይተን 3.8 ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው ቀጣዩን መስመር ነውና አንድ መስመር ወደ ላይ ማየትን ያስለምዷቸው።

አራት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ሲቀመጥ ኪቦርዱ ፈጣኑ ልጅ እጅ ይቀራል፤ ሴት ተማሪዎች ተመልካች ሆነው የሚቀሩትም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በየ8 ደቂቃው ይቀያየሩ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአራቱም ይዳረሳል፣ ለማብራሪያም 8 ደቂቃ ይተርፋል። የሚተይበው ተማሪ ጓደኛው የሚነግረውን ብቻ ይጻፍ።

መብራት ጠፋ ብሎ ክፍሉን መበተንም ስህተት ነው። ወረቀት ላይ ዓመት፣ ቀሪ፣ የጳጉሜ ቀን የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያስምሯቸው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን፣ ካልሆነ 5 ቀን ናት። ከ2015 እስከ 2019 ያለውን በእጃቸው ይሙሉ፤ 6 የሚወጣው ለ2015 እና ለ2019 ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ «ከሆነ» የሚለውን ሁኔታ የሚፈትነውን ኢፍ ተጠቅመው ይጻፉትና ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ሲንታክስ ኤረር (የኮድ አጻጻፍ ስህተት) ከመጣ ቀድመው የሚያዩት የእኩል ምልክቱን ነው፤ ለማወዳደር ሁለት ያስፈልጋል፣ ጀማሪ አንድ ብቻ ያደርጋል።