ክሩ ሲከር ባሱ ይቀራል፦ በዕረፍት ጉዞ ላይ የሚያጋጥሙ የዓሣ ማጥመጃ ብልሽቶች

ቤተሰብ ይዤ ውጭ አገር ለዕረፍት ስሄድ ዘንጌም አብሮኝ ይሄዳል። የምናርፍበት አካባቢ ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው አፈ ሰፊ ዓሣ ያለበት ሐይቅ ካለ ቢያንስ ሁለት ማለዳ ይፈቀድልኛል። ሲታቀድ እንዲህ ነው። ጀልባ ላይ ስንወጣ ግን ሌላ ነው። አማቼ፣ የእህቴ ልጆች፣ አንዳንዴም አጠገባችን ያለ የማላውቀው ቤተሰብ፣ ሁሉም የተበላሸ ዘንጉን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ክር ስፈታ ፀሐይዋ አናት ላይ ትደርሳለች።

ስለዚህ ከታች ያለውን የተማርኩት ከማጥመድ ይልቅ ስጠግን ነው። መንጠቆ ማሰርና መወርወር ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

ክሩ ተተበተበ

ብዙውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ምልክቱ ቀስ ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ውርወራው ያጥራል። ቀጥሎ ክሩ የዘንጉ ጫፍ ላይ መጠምጠም ያመጣል። ከዚያ አንዱን ጊዜ ስትወረውሩ ከበከራው ላይ ሃያ ዙር ክር ባንዴ ይነቀልና ዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍበት የመጀመሪያው ቀለበት ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ይሰነቀራል። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ማለት ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ "ነፋሱ ነው" ይላል። ነፋሱ አይደለም። ክሩ ከሯል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሁለት ክንድ ያህል ክር አውጡ። ጫፉን ይዛችሁ ወደ ዘንጉ አስጠጉት፣ ክሩ መሃል ላይ ይርገብ። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ደህና ነው። በራሱ ላይ እንደ ሹሩባ ከተጎነጎነ ከሯል፤ ከዚህ በኋላ ብትወረውሩም ትርፉ ድካም ነው።

ዋናው መንስኤ ፍሬኑ፣ ማለትም ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀው ማጥበቂያ፣ እየለቀቀ መዘወር ነው። ተራው ሪል፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ያለው የክር መጠቅለያ፣ ላይ ስትዘውሩ በከራው አይዞርም። የሚዞረው ሽቦዋን፣ ክሩን የምትመራዋን ቅስት፣ የተሸከመው ክፍል ነው፤ ክሩን በቆመው በከራ ላይ ይጠመጥመዋል። ዓሣው ጎትቶ ፍሬኑ ሲለቅ "ዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ብትዘውሩ አንድ ስንዝር ክር አይገባም። የምታደርጉት ማክረር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሪሎች ላይ መዘወሪያው አንዴ ሲዞር ሽቦዋ አምስት ጊዜ ገደማ ትዞራለች። እንግዲህ ሠላሳ ጊዜ የዘወረ ሰው ክሩን 150 ጊዜ አክርሮታል ማለት ነው። አንድ ዓሣ ላይ!

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ክር የሞላሁላት እኔው ነኝ። እኔ ከጀልባዋ ወዲያኛው ጫፍ የአባቷን ክር ስፈታ "አጎቴ፣ ያዝኩ! በጣም ትልቅ ነው!" አለች። ፍሬኑ ይጮኻል፣ እሷ ትዘውራለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ደርሼ ሳየው ዓሣ የለም። መንጠቆው ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ ይዟል፤ ጀልባዋ በነፋስ ስትሸሽ ክሩን የሚጎትተው እሱ ነው። መንጠቆውን አስለቅቄ ክሩን ሳረግበው ዓይኔ እያየ እንደ ስልክ ገመድ ተጠቀለለ። ሙሉውን ቆርጬ ጣልኩት። ለልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲጮህ ቁም፣ ዝም ሲል ዘውር።

ለአዋቂም እንደዚያው ነው። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ወደ ታች ስታወርዱት ዘውሩ። ፍሬኑንም በግምት አትተዉት። የሻንጣ ሚዛን ይዛችሁ ተጉዛችሁ የለ? ክሩን እሱ ላይ እሰሩና ጎትቱ። 4 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ 1 ኪሎ ወይም ትንሽ አለፍ ሲል መልቀቅ አለበት። ቀድሞ ከለቀቀ መንጠቆው አይተከልም። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት ቋጠሮው ይበጠሳል።

ሁለተኛው መንስኤ የኪራይ ዘንግ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ትንሽ ሪል ላይ ሽቦ የሚያህል ወፍራም ናይለን ይሞላሉ፣ ያውም በከራው አፍ ድረስ። ለምን ሲባሉ "ትልቅ ዓሣ ቢመጣስ?" ይላሉ። በዓለም የተመዘገበው ትልቁ ላርጅማውዝ ባስ 10 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው። አንዱን ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ያዘው። ሌላውን ማናቡ ኩሪታ በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ያዘውና ክብረ ወሰኑን እኩል ተጋሩት። እናንተ የምታገኙት ኪሎ ቢሞላ እሰየው ነው። ለትንሽ ሪል ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚችል ቀጭን ክር ይበቃል። ከበከራው ከንፈር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ሞልቶ ከተረከባችሁት ጥቂት ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ማንንም አታስፈቅዱ።

ክሩ ከበከራው ሲወጣ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ከቀረ ደግሞ አርጅቷል። አይድንም። አስለውጡ።

ሦስተኛው ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ማባበያ ነው። ክንፏ የምትዞር ማባበያ ከሆነች ከፊቷ ስዊቭል፣ ማለትም የምትሽከረከረዋን ትንሽ ማያያዣ እሰሩ። ርካሾቹ ስዊቭሎች አይዞሩም። ገዝታችሁ ከማሰራችሁ በፊት በጣታችሁ ሞክሯቸው። የላስቲክ ትል ከሆነ መንጠቆው ላይ ቀጥ ብሎ ይሰካ። ጠማማ ትል ውሃ ውስጥ እንደ እንዝርት ይሾራል።

አራተኛው ሽቦዋን በመዘወሪያው መዝጋት ነው። ከወረወራችሁ በኋላ በእጃችሁ ዝጓት። ከዚያ ክሩን በሁለት ጣት ትንሽ ሳብ አድርጉት። ይቺን ካላደረጋችሁ የላላ ቀለበት በከራው ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ውርወራ ይዞት ይወጣል።

አማቼ አምስተኛ መንስኤ ፈጥሯል። ሪሉን ከዘንጉ በላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሲዘውር ግማሽ ቀን ዋለ። እሱን እዚህ አላብራራም።

ወደ መፍትሄው። የከረረውን ክር ለመፍታት መጨረሻው ላይ ምንም አይኑር፤ መንጠቆም፣ ማስጠሚያ እርሳስም፣ ስዊቭልም። ጀልባዋ በዝግታ እየሄደች 50 ሜትር ያህል ክር ከኋላ ልቀቁና ለጥቂት ደቂቃ ይጎተት። ውሃው ራሱ ይፈታዋል። ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ በጎን በኩል ልቀቁት። ከዚያ በሁለት ጣት ጫን እያላችሁ ጠቅልሉት። ጀልባ ከሌለ ሣር ላይ ዘርግታችሁ እየተራመዳችሁ ጎትቱት፤ ያው ነው፣ ትንሽ ይዘገያል።

የወፍ ጎጆ ከሆነ በኋላ ግን አትጎትቱ። ደግሜ እላለሁ፣ አትጎትቱ። ስትጎትቱት የላላው ቀለበት ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈታው መቀስ ነው። የውጪዎቹን ቀለበቶች አንድ በአንድ በመርፌ ወይም በመንጠቆ ጫፍ እያላላችሁ አስፉ። አምስት ደቂቃ ሞክራችሁ ውሉ ካልተገኘ ቁረጡት። የተቆረጠውን ክር ኪሳችሁ ክተቱ። ሐይቁ ውስጥ የጣለ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ወፍ እግሩን ያስርበታል፣ ናይለን ደግሞ አይበሰብስም።

መዘወሪያው ከባድ ሆነ

ተበላሸ ብለው ያመጡልኛል። አልተበላሸም። የላላ ክር በከራው ሥር ገብቶ በከራው የተሰካበት ምሰሶ ላይ ተጠምጥሟል። አስገድዳችሁ አትዘውሩ። ከፊት ያለውን የፍሬን ማጥበቂያ ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ በከራውን ወደ ላይ አንሱት። ክሩ እዚያው ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከበከራው ሥር ምሰሶው ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ሮንዴላ አለች። አንዳንድ ጊዜ ከበከራው ጋር ተጣብቃ ትወጣለች። እኔ አንዴ የጀልባ ማቆሚያው ጣውላ ላይ ቁጭ ብዬ ስፈታ ወደቀች። ተንከባለለች። ሁለት ጣውላ መሃል ቆመች። እፎይ ብዬ ጣቴን ስሰድ ጠብ! ውሃ ውስጥ ገባች። ሮንዴላዋ ከሌለች ክሩ ከበከራው በአንድ ወገን ብቻ ይከመራል፣ ዘንጉም ለቀሪው ሳምንት ጌጥ ነው። ስትፈቱ ከሥር ፎጣ ወይም ኮፍያ አንጥፉ።

መዘወሪያው ወደ ኋላም የሚዞር ከሆነ ከሪሉ ሥር ያለችው ትንሽ ማገጃ ተገልብጣለች፤ መልሷት። ሽቦዋ በራሷ ካልተዘጋች ሞላዋ ሞታለች፤ በእጅ እየዘጋችሁ ቀጥሉ። በከራው ራሱ የሚሽከረከረው ትንሹ ሪል ለእንግዳ አይሰጥም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ክሩ ተበጠሰ

የተበጠሰውን ጫፍ እዩ። እንደ አሳማ ጭራ ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተንሸራቷል፤ ስታጠብቁት በምራቅ አላራሳችሁትም። ጫፉ ሻካራ ከሆነ ክሩን ድንጋይ ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት በልቶታል። ቀለበቶቹን በጥጥ ጥረጓቸው፤ ጥጡ የያዘበት ቦታ ስንጥቅ አለ።

ይነካል፣ አይያዝም

ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ትናንሽ ዓሦች ናቸው፤ ባስ እንዲህ አይበላም። ባስ አፉን ከፍቶ ከውሃው ጋር ይመጠዋል። እጃችሁ ላይ አንዴ "ድም" ይላል፣ ወይም ክሩ ያለ ምንም ስሜት ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ቶሎ ሳቡ። ከሳባችሁም በኋላ የሚያመልጥ ከሆነ የመንጠቆውን ጫፍ አውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ ጎትቱት። ጥፍሩን ከያዘ ስለት አለው። ከተንሸራተተ ደንዝዟል። የኪራይ መንጠቆ ሁሉ ደንዝዟል።

ጭራሽ አይነካም

ስንት ሰዓት ወጣችሁ? ልጆቹ ነቅተው፣ ቁርስ ተበልቶ፣ የፀሐይ ቅባት ተፈልጎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሆነ መልሱ ያ ነው። ባስ አድብቶ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ይንቀሳቀሳል። በቀትር ሜዳ ውሃ ላይ አትወርውሩ። የጀልባ ማቆሚያ ሥር፣ የወደቀ ዛፍ፣ የሣር ጠርዝ ያለበት ጥላ ውስጥ ጣሉት። መንጠቆው አልፎ አልፎ እንጨት ካልያዘባችሁ ቦታው ትክክል አይደለም።

ዓሣው ተይዞ ችግር የሚመጣበት

እዚህ ላይ አትቀልዱ። ባስ ከሰሜን አሜሪካ ወጥቶ ብዙ አገር ተለቋል፣ የአገሩ ሕግም ይለያያል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ጎብኚ አባቱ ግን ያስፈልገዋል። ጃፓን ውስጥ ባስን በሕይወት ማጓጓዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ክልክል ነው። ቢዋ ሐይቅ ላይ የያዛችሁትን ባስ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ መልቀቅም አይፈቀድም፤ አሜሪካ የለመደ ሰው በደመ ነፍስ ነው የሚለቀው። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ባስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ እዚያ ከሕጉ በላይ ጉማሬውን ፍሩ። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ሣሩ አትጠጉ። ልጅ ካለ ደግሞ ከዳር ቆሞ ማጥመድ የሚባል ነገር የለም።

መንጠቆ ሰው ላይ

ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት የመንጠቆውን እሾህ፣ ያቺን ወደ ኋላ የምትመለሰዋን፣ በፒንሳ ጨፍልቋት። እሾህ የሌለው መንጠቆ ቆዳ ውስጥ ቢገባ በገባበት ይወጣል። እሾህ ያለው ጠልቆ ከገባ አትታገሉት፤ ክሩን ቆርጣችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይን አጠገብ ከሆነ ፈጽሞ አትንኩት። የፀሐይ መነጽር ለሁሉም፣ ለሕፃኑም። ሲወረወር ከኋላ ማንም አይቁም። በባዶ እግር ጀልባ ላይ አይወጣም። አማቼ ወጥቷል።

ዘንጉ አልለያይ አለ

ይሄ የመጨረሻው ቀን ብልሽት ነው። ሻንጣው ታስሯል፣ መኪናው በር ላይ ነው፣ ሁለቱ የዘንግ ክፍሎች ተጣብቀዋል። በፒንሳ አትያዙት፤ ይሰነጠቃል። ቀለበቶቹን ይዛችሁ አትጠምዝዙ፤ ይነቀላሉ። ቁጢጥ በሉና ዘንጉን ከጉልበታችሁ በስተኋላ አድርጉት። መጋጠሚያው መሃል ይሁን፣ እጆቻችሁ ከጉልበት ውጪ አንድ አንዱን ክፍል ይያዙ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ጉልበታችሁን ወደ ጎን ክፈቱ። ጧ ብሎ ይለቃል። ሱሪው ጠባብ ከሆነ እሱም ጧ ሊል ይችላል። ባለቤቴ ፎቶው አላት።