ፊዚካል ሞዴሊንግ፦ ዕቃ ልግዛ ወይስ ላፕቶፔ ይበቃል?

ፊዚካል ሞዴሊንግ የተቀዳ ድምፅ አያጫውትም። ክር ሲመታ ወይም ትንፋሽ በቱቦ ውስጥ ሲመላለስ የሚሆነውን እዚያው እያሰላ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ከአናሎግ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ዑደት ድምፅ ከሚፈጥረው መሣሪያ) የተወረሰው «የሃርድዌር ድምፅ ይሞቃል» የሚለው ወሬ እዚህ ብዙም አይሠራም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውም ኮምፒውተር ነው። ሚዩተብል ኢንስትሩመንትስ የተባለው ድርጅት የሠራው ሪንግስ የተባለ የፊዚካል ሞዴሊንግ ሞጁል ኮዱ ክፍት ስለሆነ፣ ያው ስሌት ቪሲቪ ራክ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይም ይገኛል። ገንዘብ የሚያስከፍለው ልዩነት ያለው በእጅና በትንፋሽ መቆጣጠሪያው ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሰርጅ ኤክስቲ በተባለው ነፃ የሲንተሳይዘር ፕሮግራም ክራር ለመሥራት ሞክሩ። ባዶ ድምፅ ክፈቱና የኦሲሌተር 1ን (የድምፁን ምንጭ) ዓይነት «ስትሪንግ» አድርጉ። ኤክሳይተሩን ከ«በርስት ኖይዝ» ላይ አኑሩት፤ የጣት ምቱን የሚተካው እሱ ነው። በዚሁ ኦሲሌተር ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ክር ከመጀመሪያው በጥቂት ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) አዛንፉት፤ ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ የድምፁን መጠን በጊዜ በሚመራው የአምፕሊፊከር ኤንቨሎፕ ላይ ሰስቴኑን (ቁልፉ ተይዞ ሳለ የሚቆየውን መጠን) ሙሉ፣ ሪሊሱን (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ የሚጠፋበትን ጊዜ) 2 ሰከንድ ገደማ አድርጉ። ይህ ከተዘለለ ጣታችሁ ከቁልፉ ሲነሳ ክሩ ይታነቃል፤ ብዙ ሰው ጥፋቱን በሞዴሉ ላይ የሚያላክከው እዚህ ጋ ነው። የትዝታ ማይነርን (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል) ተጫውታችሁ የፒያኖ ቅኝቱ ካልጣማችሁ፣ ፕሮግራሙ የስካላ ቅኝት ፋይል (የኖታዎቹን ርቀት የሚወስን ፋይል) ይቀበላል።

ስትጫወቱ ድምፁ ከጣታችሁ ወደኋላ ከቀረ ቡፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት በአንዴ የሚያዘጋጀውን የሳምፕል ብዛት) እዩ። በ48000 ኸርዝ የ512 ሳምፕል ቡፈር ብቻውን 10.7 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 128 ግን 2.7 ብቻ። የድምፅ ካርዱ መዘግየት ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል። ቡፈሩን ስታወርዱ ድምፁ ከተንጫጫ በአንዴ የሚሰሙትን ኖታዎች ቁጥር ቀንሱ፣ የላፕቶፑንም ባትሪ ቆጣቢ አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ አሲዮ የተባለውን መዘግየት የሚቀንስ የድምፅ ካርድ ድራይቨር ተጠቀሙ።

ክራር ላይ ሶፍትዌሩ በቂ ነው። ምቱ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ክሩ በራሱ ይሄዳል፤ ቁልፍ የመታችሁበት ኃይል ይበቃዋል። ፒያኖም እንደዚያው ነው፣ ፒያኖቴክ የተባለው የፒያኖ ሞዴሊንግ ፕሮግራም ካለ ክርክር የለም። ዋሽንት ግን ሌላ ነገር ነው። ነፊው በየቅጽበቱ ግፊቱን ስለሚለዋውጥ፣ በተራ ኪቦርድ የተነፋ ዋሽንት የትኛውም ሞዴል ላይ ኦርጋን ይመስላል። መድኃኒቱ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ቋንቋ) ላይ ለትንፋሽ የተመደበውን የመቆጣጠሪያ ቁጥር 2 የሚልክ የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ነው። እሱን ከኤክሳይተሩ መጠን ጋር አገናኙት፤ ኤክሳይተሩም ከበርስት ወደማያቋርጠው ዓይነት ይቀየር። እሱን የመግዣ አቅም ካልተገኘ የኤክስፕሬሽን ፔዳል ከምንም ይሻላል።

ሃርድዌር ዋጋ የሚያወጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፊዚካል ሞዴሊንግ ሲንተሳይዘር ያማሃ ቪኤል1 በአንዴ 2 ኖታ ብቻ ቢያሰማም ለትንፋሽ ታስቦ የተሠራ ነው። ታናሹ ቪኤል70-ኤም ደግሞ የሚያሰማው 1 ኖታ ብቻ ነው። ሁለቱም ዛሬ የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ስለሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ሰክታችሁ እየነፋችሁ መሰኪያውን ፈትኑ፤ ያስቀመጣችሁት ድምፅ ጠፍቶ ሲበራ መቆየቱን እዩ፣ ካልቆየ የውስጥ ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ጣጣው ቀረጻ ነው። የፕለጊን (በቀረጻ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ የድምፅ ሶፍትዌር) ቅንብር ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ የዕቃው ቅንብር ግን ከፕሮጀክቱ ጋር ስለማይከተላችሁ፣ ሚዲውን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም በዚያው ቀን ቅዱት።